አውቶቡስ ያልጠበቀው መጨረሻ

መስከረም 14

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ብሌን፤

ጤናህን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ ያሰብከውን ያሳካልህ፤ ከምትወጣው ደረጃ ሁሉ ያለ መንሸራተት ያውርድህ። ይህን የመጨረሻውን የጨመርኩት የምትሠራበት ሲኒማ ቤት ደረጃው አያልቅም ብሎ አባትህ ስለነገረኝ ነው። እኛ ደህና ነን። አባትህ ወገቤን ከማለት በቀር ደህና ነው። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መንጃ ፈቃዱን እያወጣ ከማየት ሌላ ሕመም የለበትም።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትጽፋለች ትል ይሆናል። በስልክ ስናወራ ቤቱ በሙሉ ጆሮ ነው፤ በተለይ ሹፌሩ። አገር ምድሩ ባሌን ሹፌሩ ስለሚለው እኔም በስሙ መጥራት ከተውኩ ቆየሁ። ይሄ ጉዳይ ግን በኔና ባንተ መካከል እንዲቀር እፈልጋለሁ።

ወሬው እንዲህ ነው። ሲኒማ ቤታችን ሊከፈት ነው። ያን ሁሉ ዘመን የሲሚንቶ መጋዘን ሆኖ ከርሞ አሁን ወንበሮቹ ተጠገኑ፣ ግድግዳው ተቀባ፣ የመድረኩን መጋረጃ ደግሞ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ የስፌት መኪናዬ እንደ አሮጌ በሬ እያቃሰተ ነው የጨረሰልኝ። መጋረጃውን ሳስረክብ ኮሚቴው አስቀመጠኝና «በዚህ ከተማ ካንቺ በላይ ፊልም የሚወድ የለም፤ የመክፈቻውን ፊልም ምረጪ፣ መድረክ ላይም ወጥተሽ ስለ ፊልሙ ተናገሪ» አለኝ። ኩራቴን አልደብቅህም። ከዚያ ቢሮ ስወጣ አንገቴ በአንድ ክንድ ረዝሞ ነበር።

የመረጥኩት ዝምተኛው የምንለውን ዳይሬክተር ፊልም ነው፤ «ባለአግዳሚዋን»። ሳላስብ ከአፌ ወጣ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ፋርማሲስቱ ነው፤ ሲኒማ ቤቱ ያለበት የወዲህ ሰፈር ሰው ነው፣ ታውቀዋለህ፣ መድኃኒት ሲሰጥ እንኳ አንድ ነገር የደበቀህ የሚመስለው። እሱም ፈገግ አለና «ጥሩ ምርጫ ነው፤ አሁን እንግዲህ እስከ መጨረሻው አብረን እናየዋለን» አለ። ፈገግታው አላማረኝም።

እናንተ ዘንድ የዝምተኛው ፊልሞች ሊታዩ ነው ብለህ ለአባትህ ጽፈህለት ነበር። ገንዘብ አልጠየቅሁህም፣ ጫማም አልጠየቅሁህም። ያን ፊልም ገብተህ፣ ሳታንቀላፋ፣ መብራት እስኪበራ ድረስ ተቀምጠህ እየውና እንዴት እንደሚያልቅ ጻፍልኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

አክስትህ


ጥቅምት 6

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፤

ሰላምታዬ ከፖስተኛው ቀድሞ ይድረስሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የስፌት መኪናሽንም ጉልበት ያድስልሽ። የጋሼ ሹፌሩን ጉልበት በኔ ስም ሳሚልኝ፤ እንዳይስቅ ብቻ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደረጃው እውነት ነው ብዙ ነው፤ እስካሁን ግን አልጣለኝም።

መክፈቻውን አንቺ እንደመረጥሽ ሳነብ ክፍሌ ውስጥ ለብቻዬ ተንጎራደድኩ። ክፍሌ ደግሞ ለመንጎራደድ የምትበቃ አይደለችም፤ ሁለቴ ተራምጄ ግድግዳ ነው። ጎረቤቴ ምን ነካህ ብሎ በሬን አንኳኳ። አክስቴ ሲኒማ ቤት ልትከፍት ነው አልኩት። ትንሽ አጋነንኩት መሰለኝ።

ሥራዬን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። በር ላይ ቆሜ ቲኬት እቆርጣለሁ። አንዱ ፊልም አልቆ ሌላው እስኪጀምር ወንበር ሥር የወደቀውን እጠርጋለሁ። ሰው ሁሉ ገብቶ ሲያልቅ ግን ከኋላ ቆሜ የማየት መብት አለኝ፤ ለዚህ መብት ስል በነፃም እሠራ ነበር፤ ይህን ለኃላፊያችን እንዳትነግሪያት። አዳራሻችን የሚያሳየው የድሮ ፊልም ብቻ ነው። እናንተ ባለዝናቡ ያላችሁትን ዳይሬክተር እዚህ አየሁት። ስሙ በእርግጥም ተመርጦ የወጣለት ነው፤ ሠርግ ቢሆን ዝናብ፣ ችሎት ቢሆን በመስኮቱ ዝናብ። እዚህ ሰው ሙሉ ስሙን ነው የሚጠራው። እኔ ግን ተርጉሜላቸው አሁን የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ ባለዝናቡ ነው የሚሉት። ሣቂታውንም አይቻለሁ፤ ባለመንገዱንም፣ ያንን በየፊልሙ አንድ ሰው በእግሩ የሚያስኬደውን። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። ዝምተኛው ግን ከሁሉም ይለይብኛል፤ እሱን ያስወደድሽኝ አንቺ ነሽ።

ኃላፊያችን ባለፈው ሳምንት ለያንዳንዳችን ካርቶን አደለችን። ከፊልሞቹ ሁሉ አብልጣችሁ የምትወዱትን ጻፉና በር ላይ ይሰቀላል አለች። ሌላው ሰው ሁለት መስመር ጻፈ። እኔ ግን ካርቶኑን ፊትና ጀርባውን ሞላሁት። ስለ «ባለአግዳሚዋ» ነዋ! እንዴት እንደሚያልቅ ጻፍልኝ ትያለሽ፤ እየፈተንሽኝ ነው? ሐዲዱ ዳር ያለችውን ቤት፣ ባቡር ሲመጣ አግዳሚውን አውርዳ መንገዱን የምትዘጋውን ሴት፣ እመለሳለሁ ብሎ በባቡር ሄዶ የቀረውን ባሏን እንዴት እረሳለሁ? ልብስ እያጠበች በሩ ይንኳኳል። እጇን በሽርጧ ጠርጋ መወርወሪያውን ትይዛለች። ትከፍታለች፤ ባሏ ነው። አትጮህም፣ አትሰድበውም። «የመመለሻው ባቡር አመሻሽ ላይ ያልፋል፤ እስከዚያ ተቀመጥ፣ የምትበላው ላቅርብልህ» ትለዋለች። ይበላል። ባቡሩ ሲመጣ ቀይ ባንዲራ ይዛ ወጥታ ታስቆምለታለች፤ እሱም ይሳፈራል። ባቡሩ ካለፈ በኋላ አግዳሚውን ታነሳና መንገዱ ይከፈታል።

ከዚህ የተሻለ መጨረሻ የሠራ ዳይሬክተር በዓለም ላይ የለም ብዬ ጽፌያለሁ፤ በትልልቁ።

የወንድምሽ ልጅ


ጥቅምት 24

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆየሁልህ፤ ጤናህን ብቻ ይስጥህ። ካርቶኑን አውርደው። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ሰዓት አውርደው።

ያ መጨረሻ የዝምተኛው አይደለም። የኔ ነው።

እንግዲህ ስማ። ሲኒማ ቤቱ ያለው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ እኛ ደግሞ የማዶ ሰፈር ሰዎች ነን። በዚያ ዘመን ወደ ማዶ የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ ፊልሙ ሳያልቅ ይነሳ ነበር። ሹፌሩ አውቶቡሱን ሲኒማ ቤቱ በር ላይ አቁሞ ክላክሱን ሲያስጮህ የአዳራሹ ግማሽ ብድግ ይላል። የወዲህ ሰፈር ሰዎች እግራቸውን ሰብስበው ያሳልፉናል፣ ጥርሳቸው እየታየ። እኛ የማዶ ሰዎች የአንድም ፊልም መጨረሻ አይተን አናውቅም። የባለዝናቡንም፣ የሣቂታውንም፣ የማንንም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አውቶቡስ ውስጥ ገብተን ራሳችን እንጨርሰዋለን። አንዱ ይሞታል ይላል፣ አንዱ ይጋባሉ ይላል፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ እጅ ይወጣል፤ ብዙ እጅ ያገኘው መጨረሻ መጨረሻ ሆኖ ይጸናል። የባለዝናቡን ሌባ በድምፅ ብልጫ ነፃ ያወጣነው እኛ ነን። በማግስቱ የወዲህ ሰፈርን ሰው «ለመሆኑ እንዴት አለቀ?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ነውር ነበር። የጠየቀ ሰው አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር የሚለቅለት አልነበረም።

እኔ ያኔ መርፌ የጨበጥኩ ሰሞን ነው፤ አፌን ከፍቼ አላውቅም። «ባለአግዳሚዋን» ባየንበት ምሽት ሴትዮዋ መወርወሪያውን እንደያዘች ክላክሱ ጮኸ፣ ወጣን። አውቶቡሱ በጩኸት ሊፈነዳ ደረሰ። ባሏ ነው፣ አይደለም፣ ትክፈት፣ አትክፈት። መሃል ላይ እኔ ተናገርኩ። አንተ ካርቶን ላይ የጻፍከውን፣ ቃል በቃል። ሹፌሩ ወራጅ ሳይኖር ድልድዩ ላይ አቁሞ ሞተር አጠፋ። ያን ቀን እጅ ማውጣት እንኳን አላስፈለገም። ከዚያ ወዲህ ነው ማዶ ሰፈር ጨራሿ የሚለኝ፤ የማያውቀኝ ሰው ስሙን ሲሰማ ድስት የምጨርስ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ የመጡትን ፊልሞች ሁሉ እኔ ጨረስኳቸው፣ ሹፌሩንም አገባሁት።

አላፍርበትም። እንዲያውም ከሰፋሁት ልብስ ሁሉ የምኮራው በዚህ ነው። ባሏ ጥሏት ሄዶ የተመለሰባት ስንት ሴት እዚህ ሱቄ መጥታ «እንደ ባለአግዳሚዋ አደረግሁት፤ አብልቼ ሸኘሁት» ብላኛለች። ማዶ ሰፈር ልጁን ያሳደገው በኔ መጨረሻ ነው። አንተም አንዱ ነህ።

አሁን ገባህ? በመክፈቻው ቀን ማዶም ወዲህም አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሊያይ ነው፤ እኔ ደግሞ መድረክ ላይ። ዝምተኛው ባልና ሚስቱን በእንባ አቃቅፏቸው ከሆነ ምን ይውጠኛል? ፋርማሲስቱ የሚስቀው እሱን ስላየ ነው። ሹፌሩ ሌላ ፊልም ምረጪ፣ ባለዝናቡ ምን አለው እያለ ይነዘንዘኛል። ፈርቶልኝ ነው መሰለኝ፤ ቃሌን ግን አላጥፍም።

እየውና እውነቱን ጻፍልኝ።

አክስትህ


ኅዳር 20

ለማከብርሽ እትዬ፤

ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታሽ ይድረሰኝ። ሰላምሽ ይብዛ፤ የጋሼም፣ የአባቴም ወገብ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። የዝምተኛው ሳምንት ሰው እንዳሰብነው ሳይሆን ካሰብነው በላይ መጣ፤ ተጨማሪ ወንበር ከምድር ቤት ስናወጣ ሰነበትን።

ዝምተኛው እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ! አንዱ ፊልሙ ውስጥ አባትና ልጅ አንድ ቁም ሣጥን ከአራተኛ ፎቅ ያወርዳሉ፤ ሌላ ምንም የለም። ያዝ፣ ለቀቅ፣ ቆይ ከማለት በቀር አይነጋገሩም። ምድር ሲደርሱ ግን የሃያ ዓመት ኩርፊያ አብረው አውርደዋል። እኔና አባቴ ፍሪጁን ከጋሼ ጋር የተሸከምንበት ቀን ትዝ አለኝ። ባለመንገዱ ይህን ቢያይ ቁም ሣጥኑን አሸክሞ አገር ለአገር ያዞራቸው ነበር። ሣቂታው ደግሞ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ጎረቤት ይደብቅበታል። ሦስቱንም እንደ ዘመድ ነው የማውቃቸው፤ ማን ምን እንደሚያደርግ ሳስብ መንገድ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ።

ለመክፈቻው የሚያስፈልጋችሁን ቅጂ በተመለከተ ኃላፊያችን ለፊልሙ ባለቤቶች ጽፋ ፈቅደዋል። በጊዜው ይደርሳችኋል። ስላንቺ ስነግራት ደስ አላት። ካርቶኑን በተመለከተ ነገሩ ትንሽ ውስብስብ ሆኗል፤ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ባለአግዳሚዋ እጆቿ ትልልቅ መሆናቸውን ነግረሽኝ አታውቂም። አየሩ እዚህ ቀዝቅዟል። ካፖርት ገዝቻለሁ።

የወንድምሽ ልጅ


ታኅሣሥ 5

ለወንድሜ ልጅ፤

ካፖርትህን ያሙቅልህ። ጤና ሁን፣ ውፈር፣ ሰው ይውደድህ።

እጆቿ ትልልቅ ናቸው አልክ። እንግዲያው አይተኸዋል። አይተህ ስለ ቁም ሣጥን ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍክልኝ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሰው መጥፎ ዜና ሲይዝ ስለ አየር ጠባይ ነው የሚያወራው። ይኸው አየሩ ቀዝቅዟል ብለሃል።

ስለዚህ ተወው። አትንገረኝ። ሳላውቅ ገብቼ ከሰው እኩል ባየው ይሻለኛል። ሹፌሩም እንደዚያ ይመክረኛል፤ ወይ ሌላ ፊልም ምረጪ፣ ወይ ሳትሰሚ ግቢ እያለ። እሱን ደግሞ ምን እንደነካው አላውቅም። የዚያ ፊልም ስም በተነሳ ቁጥር ተነስቶ ቧንቧ ሊጠግን ይሄዳል፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የለንም።

ይህን ጽፌ ፖስታውን ሳላሽግ አደርኩ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት አንዲት የጎረቤት ልጅ ቀሚስ ልታስለካ መጣች። ቀሚሱ ለመክፈቻው ቀን ነው። እናቷ በኔ መጨረሻ አብልተው ከሸኙት አንዷ ናት። ልጅቱ እጇን ዘርግታ እየለካኋት «እናቴ ትክክል ማድረጓን በዓይኔ ላየው ነው» አለችኝ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ።

እንግዲህ ለራሴ ብቻ አይደለም የምፈራው። ያቺን ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እኔ ራሴ ምን እንደምታይ ሳላውቅ አልቀመጥም። የመጣው ይምጣ፣ ጻፍልኝ። አንዲት ነገር እንዳታስቀር፣ እንዳታሳምርም። ማሳመሩን ለኔ ተወው።

አክስትህ


ታኅሣሥ 28

ለምወድሽ እትዬ፤

ፈጣሪ ልብሽን እንደ እጅሽ ያጽናልኝ። ተቀመጪና አንብቢው።

እናንተ ከወጣችሁ በኋላ የቀረው በጣም ትንሽ ነው። ጋሼ ክላክሱን ከማስጮሁ በፊት አንድ ሲጋራ ቢያጨስ ኖሮ ታዩት ነበር። ሴትዮዋ መወርወሪያውን እንደያዘች እንደገና ይንኳኳል። አትከፍትም፣ እጇንም አታነሳም። ከዚያ ባቡር ይመጣል። እኛ ባቡሩን አናየውም፤ ቤቱ ሲንቀጠቀጥ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ስኒዎች እርስ በርስ ሲጋጩ ብቻ ነው የምናየው። ድምፁ አዳራሹን ይሞላዋል። ባቡሩ ያልፋል፣ ስኒዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ ይላሉ። ማንኳኳቱ የለም። ሰውየው በዚያ ባቡር ይሂድ፣ እደጁ ይቁም አይታወቅም። ማን እንደሆነም አይታወቅም። እጇ አሁንም መወርወሪያው ላይ ነው። ሸራው ይጨልማል፤ መብራት ይበራል።

ይኸው ነው። መጨረሻ የለውም እትዬ።

ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ሌላ መጨረሻ ቢኖረው ተሟግተሽ ታሸንፊዋለሽ። ይሄን ግን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? መጀመሪያ ሳየው ተናደድኩ። በማግስቱ እንደገና አየሁት፣ ከዚያም እንደገና። አሁን ከማውቃቸው ዳይሬክተሮች ሁሉ ደፋሩ እሱ ነው እላለሁ። ያን ሁሉ ሰው ይዞ፣ ያን ሁሉ ጥያቄ ጭኖበት፣ አልመልስም ማለት ቀላል አይደለም።

አሁን ደግሞ የካርቶኑን ጉዳይ ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ላወርደው ሄድኩ፤ ጊዜው አልፎ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቀጥ ብለው ወደ ኃላፊያችን ሄዱና «ምግቡ የት አለ? ቀይ ባንዲራውስ? ፊልሙን ቆርጣችሁታል» ብለው ተቆጡ። ሌሎችም ተሰበሰቡ። ሁሉም ካርቶኑን አንብበው ነው የገቡት። ኃላፊያችን ጠራችኝ። ከሥራ መባረሬ ነው ብዬ እውነቱን በሙሉ ነገርኳት፤ አውቶቡሱን፣ ድልድዩን፣ እጅ ማውጣቱን፣ አንቺን። እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ ካርቶኑን እንደገና አነበበችው፣ ቀስ ብላ። «አታውርደው፤ የማን መጨረሻ እንደሆነ ብቻ ከታች ጻፍ» አለችኝ። እኔም «መጨረሻው የአክስቴ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ሰው ከፊልሙ እየወጣ እዚያ ካርቶን ሥር ቆሞ ሲከራከር ሰነበተ። ባለጌ ናት የሚልሽ አለ፤ ቅድስት ናት የሚልሽ አለ። ሽማግሌው እንደገና መጡና «አክስትህ ትክክል ናት፤ ባለአግዳሚዋ ግን ምግቡ ላይ ጨው ታሳንስበት ነበር» ብለው ሄዱ። በዚህ ከተማ ማንም አያውቀኝም ነበር። አሁን በር ላይ ቆሜ ቲኬት ስቆርጥ «የሴትዮዋ የወንድም ልጅ» ነው የምባለው። ሹመት ቢሰጡኝ እንደዚህ አልኮራም።

የወንድምሽ ልጅ


የካቲት 2

ለወንድሜ ልጅ፣ ለደጋፊዬ፤

ረጅም ዕድሜ ከነጤናው፣ ደስታ ከነምክንያቱ ይስጥህ። ቅጂው በሰላም ደርሶን ሲኒማ ቤቱ ትላንት ተከፈተ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ተናድጄ ዋልኩ። ሴትን በር ላይ አቁሞ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው አልኩ። ጠርዙ ያልተቀመቀመ ልብስ ለደንበኛ እንደማስረከብ ነው። ወደ ማታ ላይ ግን የጻፍከው የስኒዎቹ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ። ስኒዎቹን እኔ አላሰብኳቸውም ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር ለማሰብ ዝምተኛውን መሆን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ታረቅሁት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ማዶ በግራ፣ ወዲህ በቀኝ ተቀመጠ፤ ማንም ሳያዝዘው። ያቺ የቀሚሱ ልጅ ከእናቷ ጋር ፊት ወንበር ላይ ነበረች። መድረክ ላይ ወጥቼ ብዙ አልተናገርኩም። ይህን ፊልም ሰማንያ ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ ዛሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ላየው ነው አልኩና ሹፌሩ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

መወርወሪያውን ስትይዝ የማዶ ሰዎች ወንበር በሙሉ ተንቋቋ። ሊነሱ ነው እኮ! እግራቸው ለምዶ ነው። ከዚያ ባቡሩ አለፈ፣ ስኒዎቹ ጸጥ አሉ፣ ሸራው ጨለመ፣ መብራት በራ። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። የማዶ ሰዎች ወደ ወዲህ ሰዎች ዞሩ፤ ያ ሁሉ ዘመን «አላያችሁትማ» ሲሉን የኖሩት ይሄን ነው? ፋርማሲስቱ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ቆመ። ፈገግታው የለም።

«ያኔም እንደዚሁ ነው ያለቀው» አለ። «እኛ ዝም ብለን በእግራችን ወደየቤታችን ገባን። የናንተ ጫጫታ ከድልድዩ ላይ ይሰማ ነበር። ምን ብላችሁ እንደጨረሳችሁት ለመጠየቅ ኩራታችን አልፈቀደም። እባክሽ እትዬ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?»

ጨረስኩላቸው። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ ብቻ። ስታቀርብለት፣ ሲበላ፣ ባንዲራውን ይዛ ስትወጣ። አግዳሚውን ማንሳቷ ጋ ስደርስ የቀሚሱ ልጅ እናቷን እጇን ያዘቻት። ከቀኝ በኩል አንድ ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁ። የፋርማሲስቱ ሚስት ናት።

በአውቶቡስ ተመለስን። የሚነዳው አንድ ጎረምሳ ነው፤ ሹፌሩ ማርሽ አቀያየሩን ሳይተች ተቀመጠ፣ ያም አስገረመኝ። ድልድዩን ስንሻገር ወደኔ ሳይዞር ተናገረ።

«አይቼው ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«መጨረሻውን። አንቺ በተናገርሽበት ሳምንት፣ ተረኛ ባልሆንኩበት ቀን ገብቼ እስከ መጨረሻው አየሁት።»

ያን ሁሉ ዓመት! አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ማዕድ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። መጨረሻ እንደሌለው ስታውቂ ያንቺንም የምትተዪው መሰለኝ አለ። ስንት ወር ሌላ ፊልም ምረጪ ብሎ የነዘነዘኝ ለዚህ ነበር።

ከዚያ እንዲህ አለኝ። «መብራት ሲበራ ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት እርስ በርሱ ይተያያል። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል መጨረሻውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ተሳፋሪው እስኪያየኝ አለቀስኩ። ከኩራት ነው፣ እንዳታስብ።

አክስትህ